ለጋቢና የሚሆን ቴሌቪዥን

አሚሻቭ፣ ፔታህ ቲክቫ
ጃንዋሪ 12

ወንድሜ ሀብቱ፣

ሰላምታዬ ከነተሳቢው ከምትነዳው መኪና ይርዘም። እኔም ልጆቹም አባታቸው ሙላውም ደህና ነን። ሳምንቱን ሙሉ ስትደውል ስላላነሣሁ ተቀይመሃል፤ አውቃለሁ፤ አፉ በለኝ። ኪርያት አርዬ የማጸዳው ቢሮ አንድ ፎቅ ጨመሩብኝ። እኔ ከሥራ ስወጣ አንተ ተኝተሃል፣ እኔ አረፍ ስል አንተ መሪ ላይ ነህ። መሪ ላይ ላለ ሰው ስልክ እንዳይደወል ደግሞ እኛ ቤት ሕግ አለ፤ ሕጉን ማን እንዳወጣችው አንተም አትረሳውም።

እማዬን አገናኚኝ ያልከው አልሆነም። ጆሮዋ ደክሟል። ስልኩን ስናስጠጋላት «ነፋስ ነው የሚሰማኝ» ብላ ትመልሰዋለች። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ፤ እንጻጻፍ። አንተ ትጽፍልኛለህ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ብለህ ትስቅ ይሆናል። አባታችን ጆሮህን እየጎተተ ፊደል ያስቆጠረህ ለመቼ ሊሆን ነው?

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። አለቃህ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምለቅህ ብሎሃል፤ አንተም ለፋሲካ ልምጣ ወይስ እረፍቱን ለኖቬምበሩ የስግድ በዓላችን ላቆየውና እስከዚያ ጋቢናው ውስጥ ቴሌቪዥን ላስገባ ብለህ ምክር ጠይቀሃል። እኔ ለስግድ ና እላለሁ። ፋሲካ ግርግር ነው፣ ቤቱም ይጠባል። እማዬ ክረምቱ ትንሽ ጉንፋን ሰጥቷት ነበር፤ አልፎላታል። ስግድ ሲደርስ አብራህ ኢየሩሳሌም ትወጣለች። አንተም ሥራህን ጨርሰህ በጨለማ የመኪና ጣሪያ ከምታይ፣ የሰው ድምፅ ይሰማህ።

ሙላውን ጠየቅሁልህ። ከአሽዶድ ኤላት ሲመላለስ በረሃ ላይ እያደረ ስንት ዘመኑ፤ እሱም ጋቢናው ውስጥ ትንሽ ስክሪን አለችው። «24 ቮልት ይግዛ፣ ትልቅ አይግዛ፣ ከመሪው ፊት አይስቀለው» ብሏል። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ታውቀዋለህ።

ልጆቹ ሰላም ብለውሃል። እማዬም።

እህትህ ፋንትነሽ


ኖርዝ ፕላት፣ ነብራስካ
ጃንዋሪ 20

እታለሜ፣

ደብዳቤሽን የሾፌሮች ማደሪያ ውስጥ ሾርባ እየጠጣሁ በስልኬ አነበብኩትና ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ ሾፌር ምን አገኘህ ቢለኝ፣ እህቴ ደብዳቤ ጻፈችልኝ አልኩት። እስር ቤት ነበርክ እንዴ አለኝ።

ግን በሰደር፣ እሺ፣ እንጻፍ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልክ እኔም አልወድም። አጎታችን የአባታችንን መርዶ በስልክ ካረዳኝ ጀምሮ፣ እየነዳሁ ሲጮህ መሪውን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ያን ቀን መኪናውን ይዤ ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ የትከሻ አጥንቴ ተሰብሮ ተኛሁ፣ ለቀብሩም ሳልደርስ ቀረሁ። እማዬ «ለዚህ ልጅ መንገድ ላይ ክፉ ወሬ የነገረ የኔ ልጅ አይደለም» ብላ ሁላችሁንም ያስማለችው ለዚህ አይደል? መሐላው እስካሁን ስላልፈረሰ እግዜር ይስጣችሁ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልግባ፤ ነገሩ እንደ ሙላው ንግግር አጭር አይደለም። ከወንበሮቹ ጀርባ አንዲት ፍራሽ አለች፣ እግርጌዋ ቁም ሳጥን፣ ራስጌዋ ትንሽ ፍሪጅ፤ ቤቴ ይህ ነው። ተራ የቤት ቴሌቪዥን ብገዛ ይረክሳል፤ ግን የቤት መብራት ስለሚፈልግ የባትሪውን ኃይል የሚለውጥ ኢንቨርተር ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አድሮ ጠዋት ባትሪውን ገድሎ ያስረክበኛል። ሌላው በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ነው። መጠኑ አነስ ይላል፤ ዋጋው ግን አነስ አይልም። ለሙላው ንገሪው፣ የሱ መኪና 24 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 12 ነው። ያለኝን ገዝቼ ቢሆን ቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይገልጥ ይቀር ነበር።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ዲሽም አለ፤ ድልድይ ስር ሳልፍ እዚያው ጥዬው እንዳልሄድ እፈራለሁ። አንቴና የሚይዘው የየከተማውን ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ የጀመርኩትን ፊልም ነገ ሌላ ስቴት ላይ ሆኜ አልጨርሰውም። ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ይሻለኛል መሰለኝ። በዚያ የእናንተንም አገር አያለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አንብቢላት።

እማዬ አትጠገብ፣ ልጅሽ ነኝ። እበላለሁ፣ ካልሲም አደርጋለሁ። በወጋችን የታረደ ካሼር ሥጋ ካላገኘሁ እንቁላል እቀቅላለሁ። ስልክ ላይ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ዲቪ ሲደርሰኝ ከፔታህ ቲክቫ ተነሥቼ የሮጥኩት ሀብት ፍለጋ አልነበረም። ከሊኦራ ጋር ትዳሬ ሲፈርስ አንቺ ምንም ስላላልሽኝ ነው። ብትቆጪኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር። ዝም ብለሽ ሳህን ስታቀርቢልኝ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ። አሁን ግን ዓይንሽን ማየት እፈልጋለሁ። ና ካልሽኝ ነገ እመጣለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ገደል ይግባ። እስከ ስግድ ቆይ ካልሽኝም እቆያለሁ። ይህን ከእህቴ አፍ አይደለም የምጠብቀው፣ ካንቺ አፍ ነው።

ሀብቱ


ፔታህ ቲክቫ
ፌብሩዋሪ 3

ወንድሜ ሀብትዬ፣

አነበብኩላት። ቀስ ብዬ፣ ጆሮዋ ስር ሆኜ። ስለ ሊኦራ የጻፍከው ጋ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ፤ «እንደገና በይው» አለችኝ። እንደገና አልኩት። «እኔ ምን አውቄ፣ ርቦት መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። እኔም ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። ይህን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍልህ።

ስለ መምጣትህ ያልከውን ነግሬያታለሁ። «ይቆይ» ብላለች። ልጁ ሥራውን ይሥራ፣ በስግድ እንገናኛለን ብላሃለች። ስለዚህ አትጨነቅ፤ እረፍትህንም አትንካው።

ቴሌቪዥኑን ደግሞ ቶሎ ግዛው፤ ምነው ምርጫው እንዲህ ረዘመ? ሙላው 12 መሆኑን ሲሰማ «አሜሪካ ግማሽ ሆና ነው እንዴ ትልቅ የምትባለው» ብሏል። ከእግርጌህ ባለው ቁም ሳጥን ጎን በሚታጠፍ ክንድ እንድትሰቅለው ይመክርሃል። ብሎኑ ከጀርባው እንጨት ይፈልጋል፤ በቆርቆሮ ብቻ ከያዝከው መንገዱ እያነቃነቀ ያወርደዋል። ስትነዳ በማሰሪያ እሰረው። ማታ ማታ ኳስም ፊልምም እያየህ መተኛትህን ባውቅ እኔም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በዚህ ላቁም። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ፣ ሰው ሁሉ በየስሙ እየተጠራ ይገባል፤ አሁን የእኛ ተራ ደርሷል። የሥራ ነገር ነው።

እህትህ ፋንትነሽ


ላራሚ፣ ዋዮሚንግ
ፌብሩዋሪ 17

እታለሜ፣

ገዛሁት። መኪናዬን የሚሠራልኝ ሜክሲኮአዊ ቀኑን ሙሉ ሲታገልልኝ ዋለ። ከእግርጌዬ በሚታጠፍ ክንድ፣ ከጀርባው እንጨት አስገብተን፣ ልክ ሙላው እንዳለው ሰቀልነው። ማታ ወደ መኝታዬ እስበዋለሁ፤ ጠዋት ወደ ግድግዳው ገፍቼ አስረዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ማሰሩን ረስቼ ስነሣ፣ ኩርባ ላይ ዞሮ መጥቶ ጀርባዬን በጥፊ አለኝ። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ይቅርታ አልኩት።

ሳቂብኝ፣ ግን ደስ ብሎኛል። ውጭ በረዶው ያፏጫል፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ኳስ አያለሁ። የእናንተን አገር የአማርኛ ዝግጅትም አገኘሁ። አንድ ሰውዬ ስለ ደም ግፊት ምክር ሲሰጥ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ደም ግፊት የለብኝም።

እማዬ ይቆይ ካለች እቆያለሁ። ሆዴ ሊመጣ ተነሥቶ ነበር፤ አስቀመጥኩት። በምትኩ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ኢታይ ልጅሽ እማዬን በስልኩ ይቅረጻትና ላኪልኝ። ምንም ባትናገር ግድ የለኝም፣ ተቀምጣ ብቻ። በስልክ ፊቷ ጥፍር ነው የሚያክል። በዚህኛው ግን የሰው ፊት በልኩ ነው የሚታይ፤ መኝታዬ ላይ ሆኜ ፊት ለፊት አያታለሁ። ዓይኗን እንደማልሸሸው ልሞክር።

ሀብቱ


ፔታህ ቲክቫ
ማርች 16

ወንድሜ፣

እንደዘገየሁ አውቃለሁ። የፑሪም በዓልም አለፈ፣ ቤቱም በሰው ተጨናንቆ ነበር፣ ልጽፍ እየተቀመጥኩ እነሣለሁ። ቪዲዮው አልሆነም። ኢታይ ከጦር ሰፈሩ እንደልቡ አይወጣም፤ እማዬ ደግሞ አፉላ አክስታችን ኤስቴር ዘንድ ሄዳለች። ትንሽ ትቆያለች። ሰላም ብላሃለች።

ኮለምበስ ያለው ቤትህ መቼ ነው የምትገባ? ቀኑን አስቀድመህ ንገረኝ። እዚያ የምናውቃቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ በጠዋት መጥተው ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ። ቤት ዝግ ነው ብለው ሁለቴ ተመልሰዋል። አንድ ቀን እንኳ ከመኪናው ወርደህ ቤትህ ተቀመጥ።

መንገድ ላይ ተጠንቀቅ። ቴሌቪዥንህን እይ። ስለ ሁሉም ነገር አፉ በለኝ።

ፋንትነሽ


አማሪሎ፣ ቴክሳስ
ሜይ 25

ለወይዘሮ ፋንትነሽ፣

እንደመከሩኝ ቴሌቪዥኑ ጥሩ ነገር ነው። ብቻዬን እንዳልሆን ገዛሁት፣ ብቻዬን መሆኔን እሱ ነገረኝ።

እሑድ ቀን የምጭነው ዕቃ ሳይደርስ ቀርቶ ማደሪያው ውስጥ ቆሜ ነበር። የአጎታችን ልጅ አቪሃይ ከፋሲካ በፊት ሲያገባ የተቀረጸውን ሀቱና፣ ሠርጉን፣ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። በስልኬ ጀምሬ ትቼው ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ጉንዳን ይመስላል። በቴሌቪዥኑ ከፈትኩት። እማዬን ልፈልጋት ነበር። እናንተ ቀርጻችሁ ስላልላካችሁልኝ፣ ሰው ከቀረጸው ላይ ልሰርቃት አስቤ።

ትልልቅ ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ የለችም። እርስዎም የሉም። ሙላው አለ፣ ጺሙን አሳድጎ። ሙላው ጺሙ ወጥቶ አደባባይ የሚወጣ ሰው አይደለም። አሞት ነው እንዴ እያልኩ ሳየው፣ ቄሱ ማይክራፎኑን ተቀበሉ። ከበሮውን አስቆሙ። ጭፈራው ሳይጀመር በዚህ ዓመት የተለዩንን እናስብ ብለው ስም ጠሩ። እማማ አትጠገብ አሉ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሙላው ዓይኑን ሸፈነ።

ወደኋላ እየመለስኩ አየሁት። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ሌላ አትጠገብ ትኖራለች ብዬ ሰውን ሁሉ በልቤ ጠየቅሁ። ከዚያ ሙላው ዘንድ ደወልኩ። ሳልናገር ነው ያወቀኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። «መኪናውን አቁመሃል? ቁልፉን ንቀለውና ከዚያ አልቅስ» አለኝ። እሱ መዋሸት አይችልም፤ እስከ ዛሬ ስልኬን እንዳያነሣ ያደረጉት ለዚህ እንደሆነ አሁን ገባኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

መርዶ ማቆየት ወጋችን ነው። በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ቤቱ ተቀምጦ ነው ሰው የሚረዳ። ኮለምበስ ቤትህ መቼ ትገባለህ ያሉኝም ለዚያ ነበር፤ እኔ ሞኙ እንግዳ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ቤቴን የምጠርግበትን ቀን እቆጥር ነበር። ለዚህ አልቀየምዎትም። በሰባቱ ቀን እናንተ መሬት ስትቀመጡ እኔ ኳስ እያየሁ ስስቅ ነበር፤ ይህንንም እሺ ልበል።

ሙላው ግን ጠይቄው ሌላም ነገረኝ። ከዲሴምበር፣ ከሐኑካ በዓል ጀምሮ ሆስፒታል ነበረች አለኝ። ከሐኑካ! ጃንዋሪ ላይ ልምጣ ወይ ብዬ ስጠይቅዎ እናቴ በሕይወት ነበረች። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያሉኝ፣ የእሷ ኮሪደር ነው። የተጠራውም ስም የእሷ ነው። መርዶ የሚቆየው ለሞተ ሰው ነው፤ እርስዎ ግን ያለችውን እናቴን ደበቁኝ። ይቆይ ብላለች ብለው በአፏ ተናገሩ። ያን ቃል እሷ አላለችውም፤ ሙላው ምሎ ነገረኝ። እሷ በየቀኑ ስሜን ነበር የምትጠራው አለኝ።

አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላት። ሬሳዋ ላይ የቃዲሽን ጸሎት ማን አለ? አማቿ። ልጇ ዋዮሚንግ ውስጥ ብሎኑ እንጨት ይዞለት እንደሆነ ይመረምር ነበር። ከእናትህና ከቴሌቪዥን ምረጥ ቢሉኝ መልሱን ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ከቴሌቪዥንና ከቴሌቪዥን አስመረጡኝ።

አንቺ የሚባለው እህት ነው፤ ለዚህ ነው እርስዎ ያልኩዎት።

ሀብቱ


ፔታህ ቲክቫ
ጁን 1

ሀብቱ፣

እርስዎ በለኝ፤ ይገባኛል። ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሁሉም አልተነገረህም።

ሐኪሙ በጋውን ታያለች ብሎኝ ነበር። እኔም በረዶው እስኪያልፍ ብቻ ብዬ አሰላሁ። አንተ ታምማለች የሚለውን ሰምተህ ወደ አውሮፕላኑ ለመድረስ በዚያ በረዶ ስትነዳ ታየኝ። አንተ ቦይ ውስጥ የገባህ ጊዜ ፎቶውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እማዬ አላየችውም። ጋቢናው እንደ ተረገጠ ጣሳ ነበር። ያን ፎቶ ለማንም ሳላሳይ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ሞቷን ደብቂው ተብዬ ነው የማልኩት፤ ሕመሟን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉ ነገር ተገለበጠ፣ ደውዬ ና ልልህ አፌን ስከፍት ጊዜው አለፈ።

ይህን ሙላውም እንዲህ ብለሽ ንገሪው ብሎኛል። የሚቀጥለውን ግን እሱም አያውቀውም።

ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ከኪርያት አርዬ ሽንት ቤት አጽድቼ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ስገባ ቀና ትልና «ሀብቱ ነህ?» ትለኝ ነበር። እኔ ነኝ ስላት ትተኛለች። በየቀኑ ሀብቱ ነህ። ሀብቱ ሮጦ አሜሪካ የሄደ ነው፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ብትመጣ ኖሮ በሩን ስትከፍት ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አውቀው ነበር። ለጥቂት ጊዜ ለብቻዬ ልያዛት አልኩ። በሐኪሙ ቃል ላይ ይህም ተጨምሯል፤ የትኛው እንደሚበዛ እንጃ። ክፉ ነኝ በል። እኔ ራሴን ከዚህ የባሰ ብዬዋለሁ።

ደብዳቤህን ያነበብኩላት ግን እውነት ነው። ስለ ሊኦራ ያልከውን ሰምታለች፣ ያለችውንም እንዳለችው ነው የጻፍኩልህ። ይህን ብቻ አትውሰድብኝ።

ፋንትነሽ


ኮለምበስ
ጁን 9

ፋንትነሽ፣

ሽማግሌዎቹ መጡ። አንድ ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ፣ ጎረቤት የማላውቃቸው ሐበሾች ሻይ እያፈሉ ዋሉ። የሚያውቃት ሰው አንድም አልነበረም። ስለ እሷ ሲጠይቁኝ የማወራው ከልጅነቴ ብቻ ሆነብኝ።

ለሙት ዓመት ተዝካሯ እመጣለሁ። የማርፈው አፉላ ኤስቴር ቤት ነው። መቃብሩ ላይ እንገናኛለን፣ ሰው ፊት እስምሻለሁ። ቤትሽ አልገባም። ይህን አስቀድመሽ እወቂው፣ መሶብ አቅርበሽ በሰው እንዳታስለምኚኝ።

ስለ ራስሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። ስላልዋሸሽኝ ደግ አደረግሽ፣ ግን የሚመልሰው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ሙላው አልመልስ አለኝ፣ እሷን ጠይቅ አለኝ። ለእኔ ይቆይ ብላለች ስትይ፣ ስትጠራኝስ ለእሷ ምን ትያት ነበር? የት ነው ያለ አልሻት?

ሀብቱ


ፔታህ ቲክቫ
ጁን 15

ሀብቱ፣

ሙላው አልናገርም ያለህ፣ እስከ ዛሬ እኔንም ስለዚህ ነገር ስለማያናግረኝ ነው። ልንገርህ።

ሆስፒታል ሳለች መንገድ ላይ ነው እላት ነበር። ውሸት አልነበረም፣ አንተ መቼም መንገድ ላይ ነህ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቤት ውሰዷት አሉን። አልጋዋን ሳሎን ውስጥ ዘረጋንላት። በገባች ማግስት «ሀብቱ አሁንም መንገድ ላይ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ በሩ ላይ ነው፣ አይነሣም። ያን ጊዜ ልደውልልህ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ «መጥቷል እማዬ፣ ደክሞት ገብቶ ተኝቷል» አልኳት።

እንዲህ ደስ ብሏት አይቼ አላውቅም። ሳየው ልነሣ አላለችም፣ አምጡልኝም አላለችም። «አትቀስቅሱት» አለች። የሙላውን ትልቁን የሥራ ጫማ የኢታይ ክፍል በር ላይ አስቀመጥኩላት፣ ከአልጋዋ ይታያታል። ሙላው ጫማውን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ በካልሲ ሥራ ሊሄድ እስከ ደረጃው ወርዶ ተመለሰ። ሌላ ጫማ ፈልጎ ሄደ።

ከዚያ ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። የሳሎኑን ቴሌቪዥን አስጠፋችን። የጎረቤት ልጆች ደረጃ ላይ ሲሮጡ ውጡና ዝም አሰኙልኝ አለች። ቄሱ ሊጸልዩላት መጡ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፣ ልጄ ከመንገድ ገብቶ ነው አለቻቸው። ቄሱ እኔን አዩኝ፣ እኔ መሬት አየሁ፤ ቀስ ብለው ጸለዩ። ሊጠይቃት የሚገባ ሰው ሁሉ የጫማውን በር እያየ በጣቱ ጫፍ ይራመድ ነበር። የሌለህ ሰው ቤቱን ሙሉ ይዘኸው ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባት አንሶላውን ትነክስ ነበር። አልቅሺ፣ ጩኺ እማዬ ስላት በጣቷ ወደ በሩ ታሳየኛለች። ያን ጊዜ እውነቱን ልነግራት አሰብኩ፣ የለም ጩኺ ልላት። አልቻልኩም። ብነግራት በዚያች ሰዓት ምን ይቀራታል? ብዋሻት ደግሞ ይኸው አንሶላ ትነክሳለች። አንተ ስለ ራስህ ትከሰኛለህ፣ ልክ ነህ። እኔን ሌሊት የሚያስነሣኝ ግን ይህ ነው።

በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ አጠገቧ ነበርኩ። እስካሁን አልነቃም ወይ አለችኝ። ልቀስቅሰው አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ እሺ ብትለኝ የት ሄጄ ማንን እንደማስነሣ እንጃ። ራሷን ነቀነቀች።

«ተዪው» አለችኝ። «ይተኛ፣ ሩቅ መንገድ ነው የመጣ። ራሱ ሲነሣ ግን፣ እዚህ ነበረች በይልኝ።»

እሺ ብያት ነበር። ለሷ የገባሁትን ቃል ሁሉ አፍርሻለሁ፣ ይህ ብቻ ነው የቀረኝ። እዚህ ነበረች።

ፋንትነሽ